ሐዘን የሌለበት ጥቁር ልብስ

ወይዘሮ ካሣነሽ ከአርብ ገበያ የተሳፈሩበት ሚኒባስ ንፋስ መውጫ መናኸሪያ ገብቶ ገና ሳይቆም ከመቀመጫቸው ተነሡ። ትንሽ ይታገሡ ቢባሉም አልሰሙም። ሰውነታቸው አላስቀምጥ ካላቸው ሰንብቷል። ልጃቸው ሥዩም ሰሊጥ አጨዳ ብሎ ቆላ ከወረደ ወዲህ መጀመሪያ ሰሞን በጎረቤት ስልክ እየደወለ ደህንነቱን ይነግራቸው ነበር፤ ኋላ ግን ድምፁ ጠፋ። አንዱ ኔትወርክ የለም ይላቸዋል፤ ሌላው ስልኩ ተሰርቆበት ይሆናል ይላቸዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ምንም ሳይል ፊቱን ያዞራል። እንቅልፍ የነሳቸው ይኸ ፊቱን የሚያዞረው ነበር።

ስለዚህ ነጩን የክት ቀሚሳቸውን በፌስታል ጠቅልለው የወንድማቸው ልጅ አዜብ ዘንድ መጡ። አዜብ ንፋስ መውጫ መምህርት ናት፤ ስልክም ዘመድም አታጣም፤ እሷ ደውላ ታገኘዋለች ብለው ነው። እግረ መንገዳቸውንም ለኅዳር ጽዮን ቤተ ክርስቲያን ሊስሙ አስበዋል።

ቤቷን ጠይቀው ሊሄዱ ሲሉ ባጃጅ ተራው ጋ ራሷን አዜብን አገኟት። አገኟት ማለት ይከብዳል፤ መጀመሪያ ያዩት ጥቁር ልብስ ነው። ጥቁር ሸሚዝ፣ ጥቁር ጉርድ፣ ጥቁር ሻርፕ፣ ጥቁር ጫማ። ያቺ ለፋሲካ ስትመጣ አንዴ ቢጫ አንዴ ቀይ የምትለብስ ልጅ ከራስ እስከ እግሯ ጠቁራ ስትመጣ ካሣነሽ ፌስታላቸውን በደረታቸው አቀፉ። አዜብ አቅፋ ሳመቻቸው። የከተማው ነፋስ አቧራውን እያነሣ በዓይኗ ስለሞላባት እንባዋ ይወርዳል፤ ካሣነሽ ግን ነፋሱን አላዩም፣ ያዩት እንባውን ነው።

«ሥዩም ደወለልሽ ወይ?» አሏት።

የባጃጁ ሾፌር ጥሩንባውን ነፋ። አዜብ የከሰዓት ክፍል ረፍዶባታል። የቤቷን ቁልፍ በእጃቸው አስጨብጣ፣ «በኋላ እንነጋገራለን አክስቴ፤ እርስዎ ብቻ ቤት ገብተው ይረፉ» ብላ ዘላ ገባች።

አሁን ይህን ቃል የጋይንት እናት እንዴት እንደምትሰማው ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያ አገር የሞት ወሬ በስልክ አይነገርም፤ መንገድ ላይም አይነገርም። የሰሙ ዘመዶች በሆዳቸው ይዘው ይቆዩና ማለዳ ሽማግሌ ሰብስበው መርዶውን ያረዳሉ። እስከዚያው ድረስ ሟቹን የጠየቀ ሁሉ «ደህና ነው»፣ «በኋላ እንነጋገራለን»፣ «አንቺ ብቻ እረፊ» ነው የሚባለው። ምላስ ይሸሽጋል፤ ልብስ ግን ያሳብቃል። ለዚህም ነው ካሣነሽ ከዚያ በኋላ ምንም ያልጠየቁት። ልጄ ሞቷል ብለው ደመደሙ።

አዜብ የምትኖርበት ግቢ ሲደርሱ ገመዱ ላይ የተሰጣው ልብስም ጥቁር ነበር። አንድ ቀለም ያለው ጨርቅ ፈልገው አጡ። ነጠላቸውን ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቀው ለበሱና ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ጮኸው አላለቀሱም፤ ሳይረዱ መጮህ አይገባም ብለው ከንፈራቸውን ነክሰው ዋጡት።

አከራይዋ አልጣሽ ከጓሮ ስትመለስ እኚህን እንግዳ ሴትዮ ነጠላ አዘቅዝቀው አየቻቸው። ደግሞ ሌላ ጥፋት ከዚህ ላይ ተጀመረ። አልጣሽ ተከራይዋ ለወራት ጥቁር ስትለብስ እያየች፣ ልጅቱ አንድ ሐዘን ደብቃለች ብላ በልቧ ይዛ ነበር፤ መጠየቅ ነውር ስለሆነ ግን አልጠየቀችም። አሁን ዘመድ መጥቶ ተቀመጠ፤ ነገሩ ወጣ ማለት ነው። እሷም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከአጠገባቸው ተቀመጠች፤ ጎረቤትም አስጠራች። ካሣነሽ ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ሲመጣ ሲያዩ፣ ይኸ ሁሉ ሕዝብ ያውቃል፣ እኔ እናቱ ብቻ ነኝ ያልሰማሁት ብለው አንጀታቸው ተቃጠለ። ማን እንደሞተ የሚያውቅ አንድ ሰው ግቢው ውስጥ አልነበረም፤ ግን እያንዳንዱ ሌላው ያውቃል ብሎ ያለቅሳል። ጨዋነት እንዲህ ያደርጋል አንዳንዴ።

አዜብ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ግቢዋ የለቅሶ ቤት ሆኖ አገኘችው። ደብተሮቿ ከእጇ ወደቁ። እስቴ ያሉት አባቷ አቶ ደምሌ ትዝ አሏት። «አባቴ ነው አይደል? ንገሩኝ፣ አባቴ ነው?» እያለች ደረቷን ስትመታ ካሣነሽ ቀና ብለው አዩዋት። ለሥዩም የምታለቅስ ሰው አባቴን አትልም።

ነገሩ እስኪጠራ ድረስ ጊዜ ወሰደ። ማንም ማንንም አልቀበረም። ጎረቤቶቹ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ አንዱ እያፈረ አንዱ ሳቁን እያፈነ፣ አንድ በአንድ ሹልክ እያሉ ወጡ። አልጣሽ ግን ወደ ቤቷ መግባት አቃታትና ቀረች። ካሣነሽም ከተቀመጡበት አልተነሡም፤ ነጠላቸውንም አልመለሱም።

«አዜብዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ሥዩሜን ቀብራችሁታል?»

«አክስቴ፣ በጽዮን ማርያም እምልልዎታለሁ፣ ስለ ሥዩም የሰማሁት ክፉም ደግም የለም። እኔም ደጋግሜ ደውዬ አላገኘሁትም። በኋላ ያልኩዎት ተማሪዎች ስለሚጠብቁኝ ነው።»

«ታዲያ ጥቁሩን ለማን ለበስሽው?»

«ለራሴ።»

ካሣነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰው ለራሱ ጥቁር ይለብሳል የሚባል ነገር በዕድሜያቸው ሰምተው አያውቁም። መርዶ ያልተነገራቸውን እናቶችም ያውቃሉ፤ በታቦት ተምሎላቸው ነጋ ሲል ሽማግሌ ደጃቸው የቆመባቸውን። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የተደረገው ክርክር የልብስ ክርክር ቢመስልም ለእሳቸው የልብስ አልነበረም። ይህች ልጅ ጥቁር የምትለብሰው በሌላ ምክንያት መሆኑን ካስረዳችኝ ልጄ ሊኖር ይችላል፤ ካላስረዳችኝ ሞቷል። በዚህ ጆሮ ነው የሰሟት።

አዜብም ጨዋ ልጅ ናትና ከእግራቸው ሥር በርጩማ ስባ ተቀመጠች፤ ነገሩንም ከመጀመሪያው ጀመረችላቸው። መምህርት ሆና የተቀጠረች ጊዜ የልብስ ፍቅር ነበረባት። ገበያ በቆመ ቁጥር የሳልቫጅ ልብስ ክምር ላይ ጎንበስ ብላ ያማራትን ታነሣለች። አበባ ያለበት ጉርድ ትገዛለች፤ የሚሄድለት ሸሚዝ የለም። ሸሚዝ ትገዛለች፤ ሻርፑ አይስማማውም። ልብሱ በዝቶ ወንበሩንም አልጋውንም ሞላው፤ ግን ጠዋት ጠዋት የምትለብሰው አጣች። አንዱን ትለብሳለች፣ ታወልቃለች፤ ሌላውን ትለብሳለች፣ መስተዋት ፊት ትቆማለች፣ ታወልቃለች። እየረፈደባት ክፍል ስትገባ ላብ በላብ ሆና ነው። አንድ ቀን ፈተና ልትሰጥ ሄዳ ተማሪዎቹ በዚያ በንፋስ መውጫ ብርድ ደጅ ቆመው እየተንቀጠቀጡ ሲጠብቋት አገኘች። ያን ቀን በራሷ አፈረች።

«ተማሪዎቼን በብርድ ያስመታኋቸው ጉርድ ስመርጥ ነው፤ ለዚህ ምን ምክንያት ይሰጣል አክስቴ? ኋላ በስልኬ አንዲት ሴት ስታስረዳ አየሁ። ልብሷን ሁሉ ባንድ ቀለም አድርጋዋለች። ጥቂት ሸሚዝ፣ ጥቂት ጉርድ፣ አንድ ጃኬት። ዓይኗን ጨፍና ብታነሣ እንኳ የላዩ ከታቹ ይስማማል። እኔም የተቆለለውን ለሰው ሰጠሁና ጥቁር ጥቁሩን አሰፋሁ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት አእምሮዬ ያርፋል።»

ካሣነሽ እስከ መጨረሻው ሰሟትና ተቃወሟት። እግዜር መስኩን በመስከረም ቢጫ የሚያደርገው እኮ ሰው ዓይኑን ደስ እንዲለው ነው አሉ። ወጣት ልጅ ቀለም ካልለበሰች ማን ይልበስ? አንድ ዓይነት ልብስ ዓመቱን ሙሉ የሚለብስ መነኩሴ ነው፣ ወታደር ነው፣ አለዚያም ሐዘንተኛ ነው።

«እርስዎስ?» አለች አዜብ ዝግ ብላ።

«እኔስ ምን?»

«ከሠርግዎ ጀምሮ ከነጭ ሌላ ሲለብሱ ያየ አለ? ቀሚስዎ ነጭ፣ ነጠላዎ ነጭ፣ ጋቢዎ ነጭ። ጠዋት ሲነሡ የትኛውን ልልበስ ብለው ተጨንቀው ያውቃሉ?»

«ምኑን እጨነቃለሁ? ያው አንዱ የሥራ ነው፣ አንዱ የክት ነው።»

«እኔም የፈለግሁት ይኸንኑ ነው አክስቴ። ከእርስዎ የተለየ ነገር አላመጣሁም። ስልክ ላይ ያየሁት መስሎኝ ነበር እንጂ ሳስበው ልጅ ሆኜ እርስዎ ዘንድ ያየሁት ነው።»

አልጣሽ ከጥግ ሳቅ አለች። ካሣነሽም ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም፤ ግን ሥዩም ትዝ አላቸውና ፊታቸው መልሶ ጨለመ። ቢሆንም ነገሩ ልባቸው ውስጥ ገባ። ባገራቸው ሴቶች ዘንድ የልብስ ጭንቀት የሌለው ለካ ልብሱ አንድ ቀለም ስለሆነ ኖሯል። እንዲህ ብለው አስበውት አያውቁም ነበር።

«ይሁን» አሉ። «አንድ ቀለም መልበሱን ተቀበልኩሽ። ግን ነጭ ሌላ፣ ጥቁር ሌላ። ነጬን ያየ ሰው ደህና ናት ብሎ ያልፈኛል። ጥቁርሽን ያየ ማን ሞተባት ይላል። ጨርቁን ብትገዢውም ቀለሙ ያንቺ ብቻ አይደለም፤ የሚያየውም ሰው ድርሻ አለበት። ይኸው እኔን በቁሜ ገደልሽኝ።»

አዜብ ልትመልስ ስትል አልጣሽ ቀደመቻት። አልጣሽ በጠባይዋ ዝምተኛ ናት፤ ያን ቀን ግን የታመቀው ወጣ። የተከራይዋን ሐዘን አከብራለሁ ብላ ለወራት ሬዲዮኗን ዝቅ አድርጋ እንደኖረች፣ ልጇ ስትመረቅ እንኳ ዘፈን እንዳልከፈተች፣ ለጎረቤት ሠርግ አዜብን መጥራት ፈልጋ አፍራ እንደተወችው ነገረቻት። «ሐዘንተኛ ሠርግ ና አይባልም ብዬ እኮ ነው» አለቻት።

አዜብ በርጩማዋን ወደ አልጣሽ አዞረች። የሥራ ባልደረቦቿ ሲጫወቱ ቆይተው እሷ ስትገባ ለምን ዝም እንደሚሉ፣ ማኅበር ሲጠጡ ለምን እንደሚያልፏት ሁሉ አሁን ገባት። ኮሩብኝ ብላ ተቀይማቸው ነበር። ሰዎቹ ግን ላልሞተ ሰው ሲያዝኑላት ከርመዋል። አልጣሽን ይቅርታ ጠየቀቻት።

የተማረ ሰው አንድ ልማድ አለው፤ መልካም ነገር ካገኘ ለእኔ ከጠቀመኝ ይበቃል ይላል። አዜብ ጠዋቷን አድና ሰዉን አሳዘነች። ይህን ግን በመጽሐፍ ሊያስተምራት የሚችል አልነበረም፤ ለቅሶ ሊደርሷት የመጡ ጎረቤቶች አስተማሯት።

ካሣነሽ ግን ገና ነበሩ። የልጅቱ መጸጸት ልጃቸውን አልመለሰላቸውም። በድንገት ብድግ ብለው፣ «ልብሱን አሳይኝ» አሉ።

ቤት ገቡ። በግድግዳው ላይ ልብሶቹ በሥርዓት ተሰቅለዋል። ካሣነሽ አንድ በአንድ እያወረዱ በሁለት እጃቸው ይዳስሷቸው ጀመር። እሳቸው ጥቁር ልብስ ያውቃሉ። ባላቸው የሞቱ ጊዜ የለበሱት ከጎረቤት የተዋሱት ነበር፤ እጅጌው እስከ ጣታቸው ይደርሳል፣ ትከሻው ወርዶ ይንጠለጠላል። ነጠላቸውን በድስት ነክረው ሲያጠቁሩት ግማሹ ጠቁሮ ግማሹ ቡራቡሬ ሆነ፤ ግን ማን ግድ ሰጥቶት? ሐዘንተኛ ልብስ አይለካም፣ አይተኩስም። ያገኘውን ነው የሚለብሰው። ይህ የአዜብ ልብስ ግን ሁሉም በልኳ ተሰፍቷል። ተተኩሷል። እያንዳንዱ ጉርድ ላይ በዚያው በአንድ ቦታ ኪስ አለበት።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«የጠመኔ ኪስ ነው። የትኛውንም ብለብስ እጄ ፈልጎ እንዳያጣው ብዬ ነው።»

ካሣነሽ አንዱን ጉርድ ገለበጡት። ወገቡ ላይ በስፌቱ ውስጥ ሰፊ ትርፍ ጨርቅ ታጥፎ ተትቷል።

«ይኸስ? ለምን አልተቆረጠም?»

አዜብ አፈረች። አልጣሽን አየት አድርጋ አንገቷን ደፋች። «አግብቼ ብወልድ... ብወፍር እንዲለቀቅልኝ ነው። ልብሱ ጥቂት ስለሆነ ለብዙ ዓመት ይሁነኝ ብዬ።»

ካሣነሽ ጉርዱን እንደያዙ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። ለረጅም ጊዜ ያችን እጥፋት በጣታቸው አሻሹ። ዘመዱን ቀብሮ የሚሸሽግ ሰው ሊምል ይችላል፣ ሊያለቅስም ይችላል። በሐዘን ልብሱ ውስጥ ግን ለሚመጣ ልጅ ቦታ አይተውም። ደጃፉ ላይ የዋጡት ለቅሶ አሁን መጣ። ሲያበቁ ነጠላቸውን አውርደው ጥለቱን ወደ ታች መልሰው ለበሱ።

«ሥዩም ደህና ነው አላልኩም» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «እሱን እመቤቴ ታውቃለች። አንቺ ግን አልዋሸሽኝም። ይኸም ልብስ ልብስ ነው፤ አስቦ ያሰፋው ሰው ያለው ልብስ ነው። አንድ ነገር ብቻ እሺ በይኝ። ልጄ እስኪደውል ይኸን ጥቁር አትልበሺብኝ።»

«እሺ አክስቴ። ግን ሌላ የለኝም።»

ካሣነሽ ፌስታላቸውን ፈቱ።

በማግስቱ መምህርት አዜብ ነጭ ያበሻ ቀሚስ ለብሳ ትምህርት ቤት ሄደች። ካሣነሽ ከእሷ ቁመታቸው ይበልጣልና ቀሚሱ መሬት ይጠርጋል። ተማሪዎቿ ምን በዓል ነው እያሉ ተንሾካሾኩ፤ አንዲት ባልደረባዋም ቀርባ፣ እንኳን ከል አወጣሽ አለቻት። አዜብ አመሰገነቻት እንጂ ለማስረዳት አልሞከረችም።

ካሣነሽ ግን ቀኑ አልገፋ አላቸው። ይቀመጣሉ፣ ይነሣሉ፤ ደጃፍ ይወጣሉ፣ ይመለሳሉ። አልጣሽ ምስር አቅርባላቸው ልቀሙልኝ ብትላቸው የለቀሙትን ካልተለቀመው ደባለቁት። ትናንት ያመኑት ነገር ሁሉ ከቀትር በኋላ እየሸሸባቸው ሄደ። አዜብ ባታውቅስ? ሌላ ሰው ቢያውቅስ? ሽማግሌዎቹ አርብ ገበያ ደጃቸው ቆመው ቢሆንስ? ደግሞ ተነሥተው ወደ ደጃፍ ወጡ።

ከመንገዱ ዳር ነጭ ነገር ታየ። ነፋሱ ቀሚሱን እያነሣው፣ አንዲት ሴት ጫፉን በአንድ እጇ ሰብስባ በሌላው እጇ ስልክ ከፍ አድርጋ ትሮጣለች። ባጃጆች ቆመው ያዩዋታል። ፊቷ ገና አይለይም፣ ድምፅዋም አይሰማም። ካሣነሽ ግን ያኔውኑ አወቁ። መርዶ ይዞ በነጭ ልብስ የሚሮጥ የለም።

ስልኩን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ሥዩም ነው። ስልኩ ውኃ ውስጥ ወድቆበት፣ ወባም ይዞት ተኝቶ፣ ገና መነሣቱ ነው። እናቱ ሳይጨርስ ተቆጡት፤ ከዚያ አለቀሱ፤ ከዚያ ደግሞ ተቆጡት።

«ስትመጣ» አሉት በመጨረሻ፣ «ነጭ ለብሰህ ና። ከሩቅ ልለይህ።»

ከዚህ ወዲያ የሆነው አጭር ነው። አዜብ አንድ ቀለም መልበሷን አልተወችም፤ ጥቁሩን ነው የተወችው። በአልጣሽ ምክር ጥቁሮቹን ልብሶች ለሰፈሩ የሴቶች እድር ሰጠች፤ ሐዘን የደረሰባት ሴት ለቅሶውን ትታ ጥቁር ፍለጋ ቤት ለቤት እንዳትዞር። ለራሷ ሰማያዊ አሰፋች፤ ኪሱም ትርፉም እንደነበረ ሆኖ። ጠዋት ደወል ሳይደወል ክፍሏ ትገኛለች፤ ገበያ ስትወጣ የሳልቫጁ ክምር አይጠራትም፤ ሲያረጅባት የምትተካውን ታውቃለች። ሬዲዮውም ግቢው ውስጥ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ለሠርግም ትጠራለች። ካሣነሽ ደግሞ አርብ ገበያ ተመልሰው ሰባኪ ሆነዋል። ለገበያ የወጣች ልጅ ሁሉ፣ ልብስሽ ባንድ ቀለም ይሁን፣ ጠዋትሽ ያርፋል ይሏታል፤ ቀለሙን ግን ሰፈርሽን ጠይቀሽ ምረጪ የምትለውን ሳይጨምሩ አይለቋትም።

የገና በዓል ሊገባ ሲል ከሚኒባስ አንድ የከሳ ጎልማሳ ወረደ። ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሷል። ካሣነሽ ከገበያው ማዶ ሆነው ነው የለዩት። አቅፈው ካገላበጡት በኋላ ልብሱን አዩ። አዲስ ነው፤ ከበሽታው የተነሣ ግን ሰፍቶበት እጅጌው ጣቱን ሸፍኗል። እጅጌውን ይዘው ወደ ላይ አጠፉለት።

«ትርፉን አናስቆርጠውም» አሉት። «ትሞላዋለህ።»